ቀይ ጨርቁ ከወረደ በኋላ

ዜሮ።

ሚዛን አላመነችም። የመጀመሪያውን የጎመን ቅጠል በሁለት ጣቶቿ ይዛ እንደገና ገለበጠችውና የጀርባውን ጅማቶች በማጉያ መነጽሯ አንድ በአንድ ተከተለች። ምንም የለም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ እስከ አሥረኛው ድረስ እንደዚያው። ረቡዕ ማታ በእነዚሁ አሥር ቅጠሎች ጀርባ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ክሽክሽ ቆጥራ ነበር፤ የሰሊጥ ፍሬ የማያህሉ፣ ተጣብቀው ተኮልኩለው የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥጡ አረንጓዴ ተባዮች። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ለዘር እንኳን አልተረፉም።

«ሠራ!» ብላ ጮኸች፤ ማንም በሌለበት ጓሮ ውስጥ።

በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ስም ጠሪው መምህር ብቻ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ ሚዛን ናት። ገና በሰባት ዓመቷ «ግማሽ ዳቦ ትበያለሽ?» ብለው ሲጠይቋት «የየትኛው ዳቦ ግማሽ?» ብላ መልሳ ነበርና ስሙ በዚያው ተለጠፈባት። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ አመሏ ግን ያው ነው።

በቤቱ የኋላ ግድግዳና በውኃ ታንከሩ መካከል ሁለት መደቦች አሏት፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ሰኞ ለሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ነው የምታለማቸው። በሁለቱም ላይ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጎመን ተከለች። የመጀመሪያውን ውኃ ብቻ ታጠጣዋለች። ሁለተኛውን ግን እንደ ሕፃን ነው የያዘችው። አፈሩን ከወጥ ቤት ልጣጭ ባዘጋጀችው ብስባሽ አዳብራለች፤ እርጥበቱ እንዳያመልጥ በደረቅ ሣር ሸፍናዋለች፤ ቀንድ አውጣ እንዳይሻገር በየግንዱ ዙሪያ አመድ ነስንሳለች፤ በመስመሮቹ መሃል ሽንኩርት ተክላለች። በየሦስት ቀኑ ደግሞ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ ወቅጣ፣ በአንድ ሊትር ውኃ አሳድራ፣ አጥልላ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ደረቅ ሳሙና ፍቃ ትጨምርበትና ፀሐይ ስትጠልቅ ትረጨዋለች። በቀትር የተረጨ ቅጠል እንደሚቃጠል አንድ ጊዜ በገዛ እጇ አይታለች።

ክሽክሹ እየቀነሰ መጥቶ ዘጠና ደርሶ ነበር። ከዚያ ሁለት ቀን ተከታታይ ዝናብ ጣለ፣ የረጨችው ሁሉ ታጠበ፣ ረቡዕ ማታ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ኩሽና ደፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ኤግዚቢሽኑ አምስት ቀን ሲቀረው!

አሁን ግን ዜሮ። ወደ መጀመሪያው መደብ ዞር ብላ ተመለከተች፤ እዚያ ክሽክሹ እንደ ጉድ ይርመሰመሳል። ልዩነቱን ማንም ሰው ቆሞ ሊያየው ይችላል። «አንደኛ ነኝ፣ በቃ» አለች ለራሷ። እርሳሷን አንስታ ልትጽፍ ስትል ከቅጠሉ ሥር፣ ደረቁ ሣር ላይ፣ አንዲት ቀይ ነገር አየች።

ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ናት። በጀርባዋ ተንጋላለች። ስድስቱም እግሮቿ ታጥፈዋል።

ሚዛን በእርሳሷ ጫፍ ነካ አደረገቻት። አልተንቀሳቀሰችም። ከእሷ አለፍ ብሎ ሌላ አለ። ሌላም። ረቡዕ ዕለት ሰባት ጥንዚዛዎች ነበሯት፤ አንዷ ብቻዋን በቀን ብዙ ክሽክሽ ስለምትበላ እንደ ባልደረባ ነበር የምታያቸው። ሣሩን እየገለጠች ቆጠረች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሰባቱም ተንጋለዋል። በሽንኩርቱ ግንድ ላይ ሸረሪቷ ድሯ ውስጥ ተጨማድዳ ተንጠልጥላለች። የመደቡ ጠርዝ ላይ ደግሞ አንዲት ንብ ክንፏን እንደዘረጋች ደርቃለች።

ክው አለች።

የነጭ ሽንኩርቱ ውኃ አንድም ጥንዚዛ ገድሎ አያውቅም። አምስት ጊዜ ረጭታ አምስት ጊዜ መዝግባለች። ቅጠሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ነጭ ሽንኩርት አይሸትም። አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል ውስጥ የሚሸት ዓይነት ሽታ አለው።

«እህስ፣ የኔ ሳይንቲስት! ረገፉልሽ?»

አጎቷ የጥርስ ብሩሹን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ በጓሮው በር ላይ ቆሟል። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእሷ የሚበልጠው በአሥር ዓመት ብቻ ስለሆነ አጎትም ወንድምም ሆኖ ነው አብሯት የኖረው።

«ምኖቹ?» አለች።

«ክሽክሾቹ ነዋ! ይሄኛውን መደብ አንድ ዙር ብቻ ነው የረጨሁት። ሐሙስ ንጋት ላይ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት። አንቺ እያንኮራፋሽ።» በአረፋ የተሞላ አፉን ከፍቶ ፈገግ አለ። «እያየሁሽ ስታለቅሺ ዝም ልልሽ ነበር እንዴ? ከሥራ ቦታ በትንሽዬ የውኃ ጠርሙስ ያመጣሁት ቤት ነበረኝ። አንድ ክዳን፣ በቃ።»

አጎቷ የሚሠራው አበባ እርሻ ውስጥ ነው፤ ጀርባው ላይ ታንክ አዝሎ ጽጌረዳ ይረጫል።

«የአበባውን መድኃኒት?» አለች። «ጎመን ላይ?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል! ደግሞ እኔን ፋራ አታድርጊኝ፤ ሥራዬ እኮ ነው፣ ሕጉን ጠንቅቄ ነው የማውቀው።» ብሩሹን ከአፉ አውጥቶ እንደ መምህር አወዛወዘው። «ግሪንሃውሱ ሲረጭ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። ሃያ አራት ሰዓት ማንም ዝር አይልም። ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላ አለቃችን ጨርቁን ያወርዳል፣ ሴቶቹ ይገባሉ፣ አለቀ። እኔ ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ረጨሁ። አርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨርቁ ወረደ በይው። አንቺ ጎመኑን የቆረጥሽው አርብ ማታ ነው። እንዲያውም ግማሽ ቀን ትርፍ አለሽ!»

የሂሳቡ መደመር ትክክል ነው። ሚዛን ግን አንድ ነገር ቆረቆራት።

«ጨርቁ ሲወርድ ሴቶቹ ገብተው ምን ያደርጋሉ?»

«አበባ ይቆርጣሉ።»

«ይበሉታል?»

«እንዴ! አበባ ማን ይበላል?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ የጥርስ ሳሙናው አረፋ በአገጩ ወርዶ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ አላስተዋለም።

«የዕቃው ላይ ጽሑፍ አለህ?» አለችው።

የመበጥበጫ ልኩን እንዳይረሳ ያነሳው ፎቶ ስልኩ ውስጥ ነበር። ከፍቶ ሰጣት። ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። ልኩ አለ። ከሥሩ «ወደ ግሪንሃውስ መግቢያ፦ ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ» ይላል። ከዚያ በታች በጥቃቅን ፊደል አንድ መስመር ነበር፤ ድምፅ አውጥታ አነበበችው።

«ለጌጥ ተክል ብቻ። ለሰው ወይም ለእንስሳት ምግብ በሚሆን ተክል ላይ ፈጽሞ አይረጭ።»

«ይሄ መስመር ነበረ?»

«ፎቶውን ያነሳኸው አንተ ነህ።»

«እኔ እኮ ልኩን ብቻ ነው የማየው። ጽጌረዳ ለምረጭ ሰው ሌላው ምን ያደርግልኛል...» ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ። «ትናንት የቆረጥሽውን ምን አደረግሽው?»

ትናንት ትምህርት ቤት ፈተና አምሽተው ስለጨረሱ ቤት የደረሰችው ሊጨልም ሲል ነበር። ከቅጠሉ በቀር ምንም ሳታይ፣ ሳትመረምር፣ ሁለት እስር ቆርጣ ነበር። አንዱ ኩሽና ውስጥ ገበታው ላይ ነው፤ ዳቦ ቤት የምትሠራው እናቷ ከጠዋት ፈረቃዋ ስትመለስ ለምሳ ልትሠራው። ሌላውን በአጥሩ ላይ ለጎረቤታቸው ለልብስ ሰፊዋ አቀብላታለች።

«የኩሽናውን አንተ አስወግደው፣ እኔ እትዬ ጋ!» ብላ ተነሳች።

አጎቷ ክንዷን ያዛት። «ቆይ፣ ቆይ። ሂጂ፣ አምጪው፣ እሺ። ግን ‹ትል ወጥቶበታል› በያት። ተቀብለሽ ነይ፣ እንቀብረዋለን፣ ማንም ሳይሰማ ያልቃል።»

«እውነቱን ብነግራትስ?»

ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ባለፈው ወር ሁለት ልጆች ጠርሙስ ይዘው ሲወጡ በር ላይ ተያዙ። በዚያው ቀን ተባረሩ፤ ልብሳቸውን እንኳን የቀየሩት ከግቢው ውጭ ነው። እኔ የፊታችን ሐሙስ ቋሚ ሠራተኛ ሆኜ እፈርማለሁ። ስምንት ወር ጠብቄአለሁ። ሚዛን፣ በናትሽ።»

ሲያሾፍባት፣ ሲቆጣት፣ ሲከራከራት ታውቃለች። ሲለምናት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ልብስ ሰፊዋ ቤት እስክትደርስ ሃያ ስድስት እርምጃ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ አሰበችው። ጎመኑ ከተመለሰ ማንም አይጎዳም። ማንም ካልተጎዳ ውሸቱ የሚያመጣው ክፋት የለም። እሷም አጎቷን ታድናለች። ሂሳቡ ልክ ይመጣል።

የስፌት መኪናው ድምፅ ከበሩ ውጭ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ሁለት መርፌ ከንፈሯ መሃል ይዛ ኮሌታ ታዞራለች።

«ግቢ፣ ግቢ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያለከለክሽው?» አለች በመርፌዎቹ መሃል።

«እትዬ፣ ያ ጎመን... ትል ወጥቶበታል። ልውሰደውና ሌላ ልቀይርልሽ።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካቻቸውና ከት ብላ ሳቀች። «ትል? በጠዋት ፊትሽ አመድ መስሎ የመጣሽው ይሄን ልትነግሪኝ ነው? ኧረ የኔ ልጅ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ‹እትዬ፣ ቀዳዳ ያለበትን ቅጠል አትጣይ፤ ትል የበላው ከሆነ መርዝ የለበትም ማለት ነው› ብለሽ ያስተማርሽኝ? እኔ ድሮ ገበያ ስሄድ የሚያብለጨልጨውን ነበር የምመርጠው። አሁን ለሰው ሁሉ ያንቺን ነው የምሰብከው!»

ሚዛን ዓይኗን በቤቱ አዙራ ጎመኑን ፈለገች።

«ደግሞስ ዘገየሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን እያስነሳች። «ማታውኑ በልተን ጨርሰነዋል። የኔዋ ቁንጫ ደግሞ ‹ሚዛን ያበቀለችው ነው› ስላት ሁለት ቅጠል በጥሬው እንደ ጥንቸል ቆረጠመችው። ያቺ ልጅ ከእኔ እጅ እንዲህ በልታ አታውቅም!»

ቁንጫ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው። ስትዘል ስለምትውል ነው እንዲህ የተባለችው። ዛሬ ግን ቤቱ ውስጥ የሚዘል ነገር የለም።

«ቁንጫ የት ናት?»

«እዚያ ተኝታለች። ከነጋ ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ብርድ ነው መሰለኝ፤ ትናንት ባዶ እግሯን ስትሯሯጥ ነበር።»

ከጠረጴዛው ሥር፣ በተከመረው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ፣ ቁንጫ ጉልበቷን አቅፋ ተጋድማለች። ሚዛን ተንበረከከች። ግንባሯ ላብ አለው፣ ግን አይተኩስም። ከንፈሯ ጥግ ምራቅ ወርዷል። የአንድ ቅጠል ክብደት ሃያ አምስት ግራም ገደማ ነው፤ መዝናው ታውቃለች። ሁለት ቅጠል ሃምሳ። የአምስት ዓመት ልጅ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ኪሎ። በቅጠሉ ላይ የቀረው መድኃኒት ግን ስንት ነው? ይህን አታውቅም። በሕይወቷ መቁጠር የማትችለው ነገር እንዲህ ከፊቷ ተጋድሞ አያውቅም።

ምናልባት ብርድ ይሆናል። አሁንም ዝም ብትል ምናልባት ነገ ቁንጫ ተነስታ ትዘላለች፤ ሐሙስ አጎቷ ይፈርማል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ምናልባት።

«እትዬ» አለች ከመሬት ሳትነሳ። «ትል አይደለም።»

የመኪናው ፔዳል እየተንቀረፈፈ ቆመ።

«መድኃኒት ተረጭቶበት ነበር። የተባይ መርዝ። ሐሙስ ጠዋት። እኔ ስቆርጠው አላወቅኩም፤ አሁን ነው ያወቅኩት። ትል ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ትጮኻለች ብላ ጠበቀች። አልጮኸችም። ዓይኗ ብቻ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደ። «ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ» አለች በቀስታ፤ ልክ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር እንደማለት። ከዚያ በአንድ ጊዜ ብድግ ብላ ልጇን ከነጨርቁ አፈፍ አደረገቻት። «የመድኃኒቱን ስም! ሐኪም ስም ይጠይቃል፣ ስሙ ማን ነው?»

ስሙ ስልኩ ውስጥ ነው። ሚዛን ሮጠች።

አጎቷ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ከፊቱ እንዳነበበችው ሁሉን ሰምቷል። ስልኩን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ለጥፎታል።

«ስሙን ወረቀት ላይ ልጻፍልሽ» አለ። «ፎቶው ላይ... ከጠርሙሱ ኋላ የእርሻው ማህተም ይታያል።»

«ልኩም ያስፈልጋቸዋል። ከምን እንደተሠራም።»

«እጽፈዋለሁ ሁሉንም...»

«ያን መስመር ዘለኸው ነበር» አለችው። በቁጣ አልነበረም። ያየችውን መናገሯ ብቻ ነበር። እጇን ዘረጋች። አጎቷ እጇን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ሰጣት።

ጤና ጣቢያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ ሮጠች፤ ሚዛን ስልኩን እንደ እንቁላል ይዛ ተከተለቻት። ነርሷ ቁንጫን አልጋ ላይ አስተኝታ በትንሽ ባትሪ ዓይኗን አየች፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች ትንፋሿን ቆጠረች፣ ልብሷን አስወልቃ አፏንና እጇን አጠበቻት። ሚዛን ፎቶውን ስታሳያት ነርሷ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችና ስልክ ደውላ ስሙን ፊደል በፊደል ለሐኪሙ ነገረችው።

«ስሙን ይዘሽ መምጣትሽ በጀን» አለች ስልኩን ዘግታ። «አሁን ያለችበት ሁኔታ ብዙም አያስፈራም። ግን የትም አትሄድም፤ እስከ ማታ በየግማሽ ሰዓቱ አያታለሁ። ሌላ የበላ ሰው አለ?»

«እኔ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የበሰለውን።»

«መርዙ ሲበስልም አይለቅም ይሆናል። ተቀመጪ፣ አንቺንም አያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ቁጭ ስትል ቁንጫ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ሚዛን» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «እኔን እንዳዩኝ ጥንቸልንም ዓይኗን በባትሪ ያዩዋታል?»

«ካመማት ያዩዋታል» አለች ሚዛን።

ነርሷ አንድ ቅጽ አወጣች። የልጅቷን ስም ጻፈች፣ ዕድሜዋን፣ የመድኃኒቱን ስም። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ። «ይሄ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም» አለች ቀና ብላ። «ከየት ነው የመጣው?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሚዛን ዞረች። ጎረቤት ናት፤ አጎቷ የት እንደሚሠራ ታውቃለች። እሷም ግን አልተናገረችም።

«አላውቅም» ማለት ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም ነበር።

«የሚያውቀው ሰው ውጭ ነው» አለች ሚዛን። «አንድ ደቂቃ፣ ሲስተር።»

አጎቷ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ተከትሏቸው መጥቶ መግባት አቅቶታል። አጠገቡ ተቀመጠች።

«እንዴት ናት?»

«አነጋግራኛለች። እስከ ማታ ይጠብቋታል።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለእሷ እንባ ብሎ የጀመረው ነገር እዚህ እንደሚያደርሰው እሱም ገና አሁን ነው የገባው።

«ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ» አለች ሚዛን።

«ምን አልሻት?»

«ምንም። ካንተ ቀድሜ አልናገርም። ግን መልሳ ስትጠይቀኝ አላውቅም አልልም።»

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እግራችሁን አንሱ ብላ በመወልወያዋ ጠቆመቻቸው፤ ሁለቱም አነሱ፣ አለፈች፣ አወረዱ።

«አብረውኝ የሚረጩትም ልጆች ልኩን ብቻ ነው የሚያነቡት» አለ አጎቷ፣ ለራሱ ይመስል። «ሁላችንም። ጠርሙስ ይዞ ከሚወጣው ስንቱ ጓሮ አለው...»

ተነሳ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረና ተቀምጣ የቀረችውን ሚዛንን አየ።

ሚዛን ተነስታ ቀደመችው፤ የነርሷን ክፍል በር ገፍታ እስኪገባ ያዘችለት።